ሠላሳ እባብ የሚይዘው ቅል

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በእጇ አንጠልጥላ ቆመች። ስትራመድ ተረከዙ ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት ብልጭ የሚል ጫማ ነው። ለልደቷ እንዲገዛላት ስንት ቀን ለምናናለች።

«አባዬ፣ ይሄን ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አላደርገውም።»

«ለምን የኔ እናት? ጠበበሽ?»

«ያበራል። ዛሬ መደበቅ ስንለማመድ ጨለማው ውስጥ አበራብኝ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ‹ያገኘናል› ብላ አለቀሰች።»

የምንኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የምመልስላት አጣሁ። አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ወንድሟ ከስልኩ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ።

ማታ አልጋዋ ውስጥ ገብታ እንደ ልማዷ ተረት አለችኝ። የጦጣዋን ልነግራት ነበር የተቀመጥኩት። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ተረት ተረት።»

«የላም በረት።»

ከባሕር ማዶ ቅል አምባ የሚባል አገር ነበረ። ምድሩ ሰፊ፣ ጎተራው ሙሉ፣ ወንዙ የማይነጥፍ ነበር። ከየአገሩ የተሰደደ ሰው መጥቶ ጎጆ የቀለሰው፣ ልጅ ወልዶ ያሳደገው እዚያ ነው።

በጥንት ዘመን ቅል አምባን የሩቅ ንጉሥ ይገዛው ነበር። ግብሩ ሲከብድባቸው የአምባው ሰዎች ከየጓሯቸው ቅል ቆረጡ። በየቅሉ አንዳንድ እባብ አስገቡ፤ አፉን በውታፍ ደፈኑ፤ የንጉሡን ወታደሮችም መንገድ ላይ ጠበቋቸው። ውታፉ ሲነቀል እባቡ ይወጣል፣ ፊቱ ያገኘውን ይነድፋል። ንጉሡ ተሸንፎ ሄደ። የዚያን ጊዜ ቅል የሚይዘው አንድ እባብ ብቻ ነበር። እባቡ ከወጣ በኋላ ሌላ አባብሎ ማስገባት ጊዜ ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ወይ ገላጋይ ይደርሳል፣ ወይ የለቀቀው ሰው ንዴቱ ይበርድለታል።

አባቶችም በአደባባዩ ድንጋይ ላይ ሁለት መስመር ቀረጹ። የመጀመሪያው «በሥርዓት የተደራጀ ጠባቂ ለነጻ አገር ደኅንነት ያስፈልጋልና» ይላል። ሁለተኛው «የሕዝቡ ቅል የመያዝ መብት አይነካ» ይላል።

ዘመን አለፈ። ዝናብና ሻጋታ የመጀመሪያውን መስመር ሸፈነው። ልጆች በቃላቸው የሚያጠኑት ሁለተኛውን ብቻ ሆነ። ብዙ ቆይቶ ነገሩ ክርክር ሲያስነሳ 9 ሊቃውንት ድንጋዩ ፊት ተቀመጡ። አምስቱ «ሁለተኛው መስመር ብቻውን ይቆማል» አሉ። አራቱ «የመጀመሪያው ነው የያዘው» አሉ። 5 ከ4 ይበልጣልና የአምስቱ ቃል ጸና።

ቅል ሠሪዎቹ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሥራ አልፈቱም። መጀመሪያ ሁለት የሚይዝ፣ ከዚያ ስድስት የሚይዝ ሠሩ። በመጨረሻም አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ረጅም የሆነ ቅል አወጡ። እባቦቹ በውስጡ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተደርድረው ይተኛሉ፤ ከሥራቸው የተጠቀለለ ሸንበቆ ወደ ላይ ይገፋቸዋል። ጣት ውታፉን ነካ ሲያደርግ አንዱ ይወጣል፤ እሱ መሬት ሳይነካ የሁለተኛው ራስ አፉ ላይ ደርሷል። ሠላሳ ይይዛል። ሠላሳው ወጥቶ እስኪያልቅ ሰው አንድ አቡነ ዘበሰማያት አይጨርስም።

ሸንጎው አንድ ጊዜ ከ10 በላይ እባብ የሚይዝ አዲስ ቅል እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። ቀድሞ የተሠራው ግን በየቤቱ እንደተሰቀለ ቀረ። ክልከላው ላይ «ለ10 ዓመት» የሚል ተጽፎበታል። 10 ዓመቱ ሲሞላ የሚያድሰው አልተገኘም፤ ቅል ሠሪዎቹም በማግስቱ እሳታቸውን አነደዱ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ቅሉ ከሰዉ በለጠ። ጡት የሚጠባው ሕፃን ሳይቀር ተቆጥሮ ለ100 ሰው 120 ቅል ሆነ።

ተራራው ጫፍ ላይ አንዲት ባልቴት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ልጆቻቸው ወደ ከተማ ወርደዋል። ቀበሮ ጠቦታቸውን ይነጥቃል፤ አንድ ሌሊት ደግሞ ሌባ በራቸውን ገፍቶ ያውቃል። ጠባቂ ቢጠሩ ጠባቂው እስኪደርስ ሌሊቱ ይነጋል። ስለዚህ ከአባታቸው የወረሱትን አንድ እባብ የሚይዝ ቅል ምሰሶው ላይ፣ የልጅ እጅ የማይደርስበት ቦታ ሰቅለውታል። ውታፉን በጠፍር አስረው፣ ቋጠሮውን በሰም አትመውታል። በ40 ዓመት ውስጥ የከፈቱት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ለቀበሮ።

እዚህ ላይ የልጄ ትንፋሽ ረዘመ። ተኝታለች። ማቆም ነበረብኝ። የጀመርኩት ተረት ግን አልለቀቀኝም፤ ጨለማው ውስጥ ድምፄን ቀንሼ ቀጠልኩ። ወንድሟ በሩን ተደግፎ መቆሙን ያየሁት ኋላ ነው።

በዓል ሊደርስ 11 ቀን ሲቀረው፣ በአንድ ቀዝቃዛ ማለዳ፣ 20 ዓመት የሆነው ጎረምሳ ከእናቱ ቤት ግድግዳ ላይ ሠላሳ የሚይዘውን ቅል አወረደ። መጀመሪያ ለእናቱ ከፈተው። ከዚያ ወደ ሕፃናቱ ፊደል ቤት ሄደ። ፊደል ቤቱ ውስጥ ልጆቹ ለበዓል ቤት የሚወስዱትን ስጦታ በወረቀት ይጠቀልሉ ነበር። 20 ልጆችና ይጠብቋቸው የነበሩ 6 ሴቶች ሞቱ። ልጆቹ ዕድሜያቸው ስድስትና ሰባት ነበር።

ቅል አምባ አለቀሰ። እውነተኛ ልቅሶ ነበር፤ ደረቱን ያልመታ አልነበረም። ሻማ ተበራ፤ የፊደል ቤቱ አጥር ስር አሻንጉሊትና አበባ ተቆለለ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው «ጸሎታችን ከእናንተ ጋር ነው» አሉ። ከሟቾቹ የአንዷ አባት «ስለ ቅሉስ?» ብሎ ጠየቀ።

«አሁን ጊዜው አይደለም» አሉት። «የሙት አርባ ሳይወጣ ስለ ቅል መነጋገር ነውር ነው።»

አባትየው ጠበቀ። በሠላሳኛው ቀን በሌላ መንደር፣ ገበያ መሃል፣ ሌላ ቅል ተከፈተ። አርባው እንደገና ከአንድ ተቆጠረ። በሃያኛው ቀን በጸሎት ቤት ተከፈተ፤ አሁንም ከአንድ ተቆጠረ። አባትየው ግድግዳው ላይ በከሰል ጭረት እያሰመረ ቀን ይቆጥር ነበር። ግድግዳው ሞላ። ከሠላሳ አምስት ያለፈ መስመር ግን አልነበረበትም።

በአራተኛው ወር የሟቾቹ ወላጆች ነውሩን ችለው ሸንጎው በር ላይ ተቀመጡ። የለመኑት ትንሽ ነገር ነው። ቅል ከሱቅ የሚገዛ ሰው ስሙንና ያለፈ በደሉን ይጠየቃል፤ ከገበያ ዳር የሚገዛ ግን አይጠየቅም። እሱም ይጠየቅ ነው ያሉት።

የቅል ማኅበር ነጋሪት አስመታ። «የተራራዋን ባልቴት ቅል ሊነጥቁ መጡ! ቅል ሰውን አይነድፍም፤ ሰው ነው ሰውን የሚያስነድፈው! ክፉ ሰው ቅል ሲይዝ የሚያስቆመው ቅል የያዘ ደግ ሰው ብቻ ነው!»

ነጋሪቱ ተራራው ድረስ ተሰማ። ባልቴቷ ስማቸው ሲጠራ ጊዜ በትራቸውን ይዘው ሁለት ቀን በእግራቸው ወረዱ። የሸንጎው በር ላይ ደርሰው ለጸሐፊው እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ ስሜን ብትጠይቁኝ ምን ይጎድልብኛል? ሠላሳ የሚይዘውንስ ምን ላደርገው? ያለብኝ አንድ ቀበሮ ነው።» ጸሐፊው በአክብሮት ውሃ ሰጣቸው፤ የመናገሪያ ተራ ግን አልቋል አላቸው። ባልቴቷ ተመልሰው ወጡ። በማግስቱ ነጋሪቱ እንደገና በስማቸው ተመታ።

ሸንጎው 100 ሽማግሌዎች አሉት። እጅ ተቆጠረ። 54ቱ «ይጠየቅ» አሉ። 46ቱ «አይጠየቅ» አሉ። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ «በሸንጎው ደንብ 60 እጅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 46ቱ አሸንፈዋል» ብሎ አነበበ። ወላጆቹ ከላይ ከሰገነቱ ሆነው ይሰሙ ነበር። አንዲት እናት «እፈሩ!» ብላ ጮኸች። ጠባቂዎች ክንዷን ይዘው አስወጧት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ የልብ ነው ተባለ። ቅሉ ጤነኛ ነው፤ የታመመው የሰው ልብ ነውና ልቡ የታመመ ይፈለግ ተባለ። ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ የከፋው ሰው በየመንደሩ ነበረ። ግን ልብ የሚያዩት አዋቂዎች ጥቂት ነበሩ፤ የሚበሉት እህልም አልተሰፈረላቸውም። ልባቸው የታመመ ሰዎች በሌሎች አገሮችም ነበሩ። እዚያ ሰው ሲከፋው ያለቅሳል፣ ይጮሃል፣ ድንጋይ ይወረውራል። እዚህ ግን ከራስጌው ቅል ተሰቅሏል።

ይህን ከሁሉ በፊት ያወቀው የመርዝ መድኃኒተኛው ነው። በሽተኛ ሲመጣለት «የት ተነደፍክ? ቅሉ የማን ነበር? ታስሮ ነበር ወይስ ክፍት?» ብሎ ይጠይቅና በገመድ ላይ ቋጠሮ ይቋጥር ነበር። ሸንጎው ጠርቶ «በአምባው እህል እየበላህ ለቅል ጥላቻ የሚያነሣሣ ቆጠራ እንዳትቆጥር» አለው። ቆጠራውን ተወ፤ ማከሙን ቀጠለ። ከ20 ዓመት በላይ የአምባው ሰው እየተነደፈ ቁጥሩ ተሰብስቦ ሳይመረመር ኖረ። በኋላ ሲፈቀድለት እንደገና ቋጥሮ ገመዱን በአደባባይ ዘረጋው። ከቋጠሮዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት ቅሉን በራሳቸው ላይ የከፈቱ ሰዎች ነበሩ፤ ሌሊት፣ ብቻቸውን፣ አንድ ክፉ ሰዓት ያላለፈላቸው። ሌላም ነገር ነበር። ከአንድ ዓመት ሕፃን እስከ 19 ዓመት ጎረምሳ ድረስ ልጆችን ከሚገድለው ሁሉ፣ ከበሽታውም ከጋሪ አደጋውም ቀድሞ የቆመው ቅል ነው። ሰዎቹ ገመዱን አዩ። አንዳንዱ «ገመዱን የቋጠረው ማን ነው? የማን ወገን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ልጇ የሞተባት አንዲት እናት ዳኛ ዘንድ ሄደች። «ሸክላ ሠሪ ጀበናው ሲፈነዳ ይከሰሳል። ጋሪ ሠሪ መንኮራኩሩ ሲወልቅ ይከሰሳል። ቅል ሠሪውን ልክሰስ» አለች። ዳኛው አዘኑላት። «የኔ ልጅ፣ ሕግ አለ» አሏት። «ቅሉ ተሰብሮ አንቺን ቢጎዳሽ ትከሻለሽ። ቅሉ በሚገባ ሠርቶ ልጅሽን ቢገድል ግን ቅል ሠሪው አይጠየቅም።»

ከእያንዳንዱ ልቅሶ በኋላም የቅል ገበያ ይደራ ነበር። ግማሹ ከፍርሃት ይገዛል፤ ግማሹ «ሊከለከል ነው» ብሎ ይሰለፋል። ቀባሪዎቹ ከመቃብር ሲመለሱ በሰልፉ ጎን ነበር የሚያልፉት።

አንድ ቀን ከሩቅ ደሴት የመጣ ነጋዴ አምባው ውስጥ አደረ። ያደረበት ቤት ልጅ የሞተበት ነበርና እንዲህ ብሎ አጫወታቸው፦ «እኛም አገር ቅል ወዳጆች ነን። ገበሬው፣ አዳኙ፣ ሁሉም ይይዝ ነበር። አንድ እሑድ አንድ ሰው 35 ሰው ገደለብን። የሸንጎው አለቃ ቅል ከሚወዱት ወገን ነበሩ፤ የመረጧቸው ገበሬዎች ተቆጥተው ሲጮኹባቸው ከልብሳቸው ሥር የመርዝ መከላከያ ለብሰው ፊታቸው ቆሙ። በ12ኛው ቀን አውራጃዎቹ ሁሉ ተስማሙ። እባብን በላይ በላዩ የሚለቀውን ቅል አምባችን በዋጋው ገዝቶ ሰባበረው፤ 650,000 ያህል ነው። ገበሬው ዛሬም ቅል አለው፤ ግን ለምን እንደሚፈልገው ተጠይቆ፣ አስመዝግቦ፣ ቆልፎ ነው።»

የቤቱ ሰዎች በማለዳ ነጋዴውን ሸንጎ ወሰዱት። ሽማግሌዎቹ በጥሞና ሰሙት። «መልካም ነው» አሉት። «ግን እናንተ ደሴት ናችሁ። የእኛ ቅል ደግሞ እጅግ ብዙ ነው፤ ብዙ ስለሆነ ምንም ማድረግ አይቻልም።» ነጋዴው ጨውና ጨርቁን ጭኖ ሄደ።

አሁን ምክሩ ወደ በሩ ዞረ። «ፊደል ቤቱ በሩ በዝቷል» ተባለ። ከአራቱ በሮች ሦስቱ በጭቃ ተደፈኑ። ቀጥሎ መስኮቱ ተደፈነ። ልጆቹ በኩራዝ ማንበብ ጀመሩ፤ ዓይናቸው ያለቅስ ነበር፤ ከጭሱ ይሁን ከሌላ ማንም አልለየውም።

ቀጥሎ «የኔታ ቅል ይያዙ» ተባለ። የኔታ የ60 ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ ሀሁን ያስቆጠሩት ልጅ ብዛት አይታወቅም። በቀኝ እጃቸው መቃ፣ በግራቸው ቅል ያዙ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሕፃን አቡጊዳ ተሳስታባቸው እንደ ልማዳቸው ራሷን ሊዳብሱ እጃቸውን ዘረጉ፤ የዘረጉት የግራ እጃቸውን ነበር። ሕፃኗ ከወንበር ሥር ገባች። የኔታ ያን ቀን ቅሉን ሸንጎው ደጃፍ አስቀምጠው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ ልጆቹ ዝምታ ተማሩ። ከፊደል በፊት ዝምታ ሆነ። ቃጭል ሲመታ ኩራዙ ይጠፋል፤ ግድግዳው ጥግ ተደራርበው ይቀመጣሉ፤ አያስሉም፣ አያለቅሱም፣ እናታቸውን አይጠሩም። ለትናንሾቹ እንዳይፈሩ መዝሙር ተዘጋጀላቸው፤ ዜማው ደስ የሚል ነው። ማኅደራቸውም ከጎሽ ቆዳ ተሰፋ፤ የእባብ ጥርስ አይበሳውም። ከብዶ ወደ ኋላ የጣለው ልጅ እስኪያነሡት በጀርባው ተኝቶ ይጠብቃል።

በመጨረሻም «ጠባቂ ይብዛ» ተባለ፤ በዛ። የራስ ቁር፣ ጋሻ፣ ከቅል ሠሪው ምርጥ ምርጡ ተሰጣቸው። ከአምባው እህል ትልቁ ድርሻ ለእነሱ ተሰፈረ።

በአምባው ሕግ ጠላ ለመጠጣት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ሠላሳ የሚይዝ ቅል ለመግዛት 18 ይበቃል። አንድ ልጅ 18 ዓመት በሞላው ሳምንት ሁለት ገዛ። የክረምቱ ዕረፍት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው በቆላው በኩል ወዳለ ፊደል ቤት ሄደ። ልጆቹ ያን ጠዋት ጎበዝ የተባሉበትን ወረቀት ተቀብለው ነበር። በሩን ገፍቶ ገባ።

ጠባቂዎቹ በደቂቃዎች ደረሱ። መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ፤ ቀጥሎ ሃምሳ፣ ቀጥሎ መቶ፤ በመጨረሻ 376 ሆኑ። ኮሪደሩ በጋሻ ሞላ። ውስጥ ያለው ቅል ሠላሳ የሚይዘው መሆኑን ስለሚያውቁ ማንም ሰው የበሩን እጀታ አልጨበጠም። አንዱ ቁልፍ ይፈለግ አለ። አንዱ ትልቅ ጋሻ ይምጣ አለ። አንዱ ግድግዳው ጥግ ቆሞ እጁን በመድኃኒት አሸ። ውስጥ ያለች አንዲት ልጅ ከሞቱት መካከል ተኝታ የቃጭሉን ገመድ አገኘች። ሳበችው። ውጭ ያለው ሁሉ ሰማ። ቆይታ እንደገና ሳበችው። ቀስ አድርጋ ነበር የምትስበው፤ ዝምታ ተምራለችና።

አጥሩ ማዶ እናቶችና አባቶች «እኛ እንግባ፣ ጋሻውን ስጡን» እያሉ ይጮኹ ነበር። ጠባቂዎቹ ወላጆቹን ያዟቸው፤ አንዲቱን እጇን አሰሯት። በሩ የተከፈተው በ77ኛው ደቂቃ ነው። 19 ልጆችና 2 መምህራን ሞተዋል።

በዚህ ጊዜ ሸንጎው በአንድ ወር ውስጥ አንድ ነገር ወሰነ። ከ21 ዓመት በታች የሆነ ቅል ገዥ ከበፊቱ በበለጠ ይመርመር፤ ልባቸው የታመመ የሚታከሙበት እህልም ይሰፈር ተባለ። ለ30 ዓመት ገደማ ይህን ያህል ነገር ወስኖ የማያውቅ ሸንጎ ነበርና ሰው ዕንባውን ጠረገ፤ መልካም ነገር ነበር። ሠላሳ የሚይዘው ቅል ግን በየሱቁ በር ላይ እንደተሰቀለ ነው።

ክረምቱ አልፎ ፊደል ቤት ተከፈተ። በመክፈቻው ዋዜማ አንዲት እናት ልጇን አጥባ፣ ቅባት ቀብታ፣ እሳት ዳር አስቀመጠችው። ቁልፍ ማሰር አለማመደችው፤ የጎሽ ቆዳውን ማኅደር ትከሻው ላይ አድርጋ ሚዛኑን አየች። ከዚያ የቀጠቀጠችውን እንሶስላ በስንጥር እየነከረች፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ስሙን ጻፈችበት። ከስሙ ሥር የአባቱን ስም ጻፈች። በቆላው በኩል ልጆቻቸውን በመልክ መለየት ያልቻሉ ወላጆች እንደነበሩ ሰምታለች።

«እማዬ፣ ምንድን ነው?» አላት።

«ጌጥ ነው የኔ ጌታ። ጌጥ ነው» አለችው፤ እስኪደርቅም እፍ እፍ አለችበት።

ዝም አልኩ። በሩ ላይ ወንድሟ አልተንቀሳቀሰም።

«አባዬ፣ ቁጥሮቹን ከየት አመጣሃቸው?»

«የፈጠርኩት እባቡን ነው» አልኩት። «ቁጥሩን አልፈጠርኩም።»

ወጥተን ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀመጥን፤ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። 26ቱ ሟቾች በፈረንጆቹ 2012፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ኒውታውን፣ ኮነቲከት፣ ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት። 54 ለ46 እዚሁ ከእኛ ቤት ወንዙን ተሻግሮ፣ በአሜሪካ ሴኔት፣ በ2013 ሚያዝያ። የ10 ዓመቱ ክልከላ ከ1994 እስከ 2004። ደሴቱ አውስትራሊያ፣ 35ቱ ፖርት አርተር፣ 1996። 77ቱ ደቂቃ ዩቫልዴ፣ ቴክሳስ፣ ግንቦት 2022። ይህን የመጨረሻውን ያውቀው ነበር፤ 376ቱን ግን ለተረት ያጋነንኩት መስሎት ነበር። የቴክሳስ ምክር ቤት ኮሚቴ ቆጥሮ ያወጣው መሆኑን ስነግረው ጠረጴዛውን እያየ ዝም አለ።

«የእኛውን ቨርጂኒያን አልጨመርከውም» አለኝ ቆይቶ።

«ቨርጂኒያ ቴክ፤ 2007፤ 32 ሰው። አንተ ያኔ አልተወለድክም።»

ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ሲሄድ በሩ አጠገብ የእህቱን ጫማ አነሣ። ተረከዙን በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ኮሪደሩ ቀይና ሰማያዊ ሆነ። እስኪጠፋ ጠብቆ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

ጠዋት ልጄ አሮጌውን ጥቁር ጫማዋን አደረገች። ጠቧታል፤ ግን አያበራም።